በተራ፣ በዕጣ ወይስ በስሌት? ከጣና ዳር እስከ ሮኬት ማምጠቂያ

ቅዳሜ ጧት ነው። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካለ አንድ የጀልባ መነሻ ላይ ሦስት ጀልባዎች ታስረው ይወዛወዛሉ። አንደኛዋ ቀላል ናት፤ ሞተሯም አዲስ ነው። ሁለተኛዋ መካከለኛ ናት። ሦስተኛዋ ሰፊና ጠንካራ ብትሆንም ሞተሯ አርጅቶ ነዳጅ ይበላል። ዳር ላይ ሦስት ዓይነት መንገደኛ ይጠብቃል፤ የዘጌን ገዳማት ሊሳለሙ የመጡ፣ ወደ ደቅ ደሴት ዕቃ የሚያሻግሩ፣ እስከ ጎርጎራ የሚዘልቁ። ተራ አስከባሪው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ጠርዙ የተጣጠፈ ደብተር በእጃቸው ይዘዋል።

«ጋሼ፣ ትልቋን ወደ ጎርጎራ ይላኳት እንጂ። ዘጌን ትንሿ በአራት መቶ ብር ነዳጅ ደርሳ ትመለሳለች፤ መካከለኛዋ ደቅ ትሂድ» አላቸው አንድ ወጣት ባለጀልባ።

«ተራ ነው ልጄ። ተራ የደረሰው ይሄዳል» አሉና ደብተሩን ዘጉት።

ሁለቱንም አከብራቸዋለሁ። ሽማግሌው ማንም እንዳይበደል ያስባሉ፤ ወጣቱ ነዳጅ እንዳይባክን። የወጣቱ ሐሳብ ግን ለብዙዎቻችን ልክ ቢመስልም ልክ አይደለም። ለምን እንዳልሆነ በዚህ ሐተታ አሳያለሁ። ምክንያቱም ይኸው የሦስት ጀልባዎች ጥያቄ፣ መጠኑ ገዝፎ፣ የዓለም የጠፈር ድርጅቶች በየዓመቱ ቢሊዮን ዶላር የሚያወጡበት ጥያቄ ነው። የትኛው ሮኬት የትኛውን ሳተላይት ይዞ ይምጠቅ? የእኛም አገር ሁለት ጊዜ በዚህ ጥያቄ ውስጥ አልፋለች፤ ሁለቱንም ጊዜ በሰው ሮኬት ላይ ተሳፋሪ ሆና።

መጀመሪያ ጀልባዎቹን እንጨርስ። ቁጥሮቹ ለማሳያ ያህል እኔ ያስቀመጥኳቸው ናቸው። ቀላሏ ጀልባ ለዘጌ 400 ብር፣ ለደቅ 900 ብር ነዳጅ ትጨርስ። ጎርጎራ ድረስ ግን ማዕበሉ ስለሚያንገላታት 2,000 ብር ይፈጅባት። መካከለኛዋ ለዘጌ 500፣ ለደቅ 1,200፣ ለጎርጎራ 1,800 ብር ትፈልግ። አሮጌዋ ለዘጌ 800፣ ለደቅ 1,400፣ ለጎርጎራ 2,200 ብር ይፈጅባት።

ወጣቱ ያደረገው ብዙዎቻችን የምናደርገውን ነው። በሰንጠረዡ ውስጥ ትንሿን ቁጥር ፈለገ፤ ቀላሏ ጀልባ ዘጌ፣ 400 ብር። ከቀረው ደግሞ ትንሹን ፈለገ፤ መካከለኛዋ ደቅ፣ 1,200 ብር። ለአሮጌዋ የቀረላት ጎርጎራ ነው፣ 2,200 ብር። ድምሩ 3,800 ብር ሆነ። አሁን አሮጌዋን ዘጌ እንላካት፣ በ800 ብር። ከቀላሏ እጥፍ ታወጣለችና ሲሰሙት ያስቆጣል። ቀላሏ ግን ነጻ ወጥታ ደቅን በ900 ትሄዳለች፤ መካከለኛዋም ጎርጎራን በ1,800 ትደርሳለች። ድምሩ 3,500 ብር ነው። ሦስት መቶ ብር ተረፈ፤ የተረፈውም በአንድ መስመር ላይ ሆን ብለን ውዱን ስለመረጥን ነው።

መልሱን በሙከራ መፈለግ አያስፈልግም። በእርሳስ የሚሠራ መንገድ አለው። ከእያንዳንዷ ጀልባ ረድፍ ላይ ትንሹን ቁጥር ቀንሱ። የቀላሏ ረድፍ 0፣ 500፣ 1,600 ይሆናል። የመካከለኛዋ 0፣ 700፣ 1,300፤ የአሮጌዋ ደግሞ 0፣ 600፣ 1,400። ቀጥሎ ከእያንዳንዱ መድረሻ ዓምድ ትንሹን ቀንሱ፤ ከዘጌ ምንም፣ ከደቅ 500፣ ከጎርጎራ 1,300። የቀረውን እዩ። ቀላሏ በደቅ ስር ዜሮ አላት፣ መካከለኛዋ በጎርጎራ ስር፣ አሮጌዋ በዘጌ ስር። እያንዳንዷ ጀልባ የራሷን ዜሮ አገኘች፣ ማንም ከማንም ጋር አልተጋጨም፤ ምደባው ይኸው ነው። የቀነስናቸውን ብንደምር፣ 400፣ 500፣ 800፣ 500 እና 1,300፣ በትክክል 3,500 ይመጣል። ዜሮዎቹ ቢጋጩ ኖሮ ሌላ ዙር መቀነስና መደመር ይከተል ነበር፤ መንገዱ ግን ያው ነው።

ይህን ሰንጠረዥ ወረቀት ላይ ሠርታችሁ እንድታዩት እለምናለሁ። ጥያቄው «ዘጌ ማን በርካሽ ይደርሳል?» የሚል እንዳልሆነ ያኔ ይገባችኋል። ጥያቄው «ይህችን ጀልባ ዘጌ ብልካት ሌላ ቦታ ምን ይቀርብኛል?» ነው።

የዘዴው ታሪክ ለባሕር ዳር ሰው ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1939 ሊዮኒድ ካንቶሮቪች ለተባለ የሌኒንግራድ የሒሳብ ሊቅ የአንድ የኮምፔንሳቶ አምራች ድርጅት ጥያቄ ቀረበለት። የተለያየ ዓይነት እንጨትና የተለያየ አቅም ያላቸው ማሽኖች አሉ፤ የትኛው እንጨት ለየትኛው ማሽን ቢሰጥ ምርቱ ይበዛል? ሊኒየር ፕሮግራሚንግ የሚባለው ዘርፍ ከዚህ ተወለደ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ጆርጅ ዳንዚግ ለአየር ኃይሉ ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1947 ሲምፕሌክስ የተባለውን የማስሊያ ዘዴ አወጣ። ካንቶሮቪች እ.ኤ.አ. በ1975 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማትን ከቻሊንግ ኩፕማንስ ጋር ተጋራ። ካንቶሮቪች ሥራውን ካቀረበ ከሃያ ዓመታት ጥቂት ዘግይቶ፣ በ1955 ዓ.ም.፣ በዚያው በሶቪየት ኅብረት ትብብር የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ተቋቋመ። ዛሬም ግቢውን «ፖሊ» እያልን የምንጠራው፣ ፔዳ ከተባለው የመምህራን ኮሌጅ ጋር ተዋህዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን የወለደው ተቋም ነው።

ከላይ በእርሳስ የሠራነውን የመቀነስ ዘዴ ሃሮልድ ኩን እ.ኤ.አ. በ1955 ሲያሳትመው «የሃንጋሪ ዘዴ» አለው፤ ኮኒግና ኤገርቫሪ የተባሉ የሁለት ሃንጋሪያውያንን ሥራ መሠረት ስላደረገ ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2006 እንደታወቀው ደግሞ፣ ጀርመናዊው ካርል ያኮቢ ዘዴውን በ19ኛው መቶ ዘመን አግኝቶት ኖሯል፤ ጽሑፉ ከሞተ በኋላ በ1890 በላቲን ታትሞ ማንም ሳያስተውለው ቀርቷል። ሊቃውንቶቻችን በግዕዝ ጽፈው በየገዳሙ ያስቀመጡትን ብራና ሁሉ ገልጠን አለማየታችንን ሳስብ ይህ ታሪክ ልቤን ይነካዋል።

ሦስት ጀልባ ለሦስት መድረሻ የሚመደብበት መንገድ ስድስት ብቻ ነው፤ በጣትም ይቆጠራል። አሥር ለአሥር ሲሆን 3,628,800 ይደርሳል። ሃያ ለሃያ ከሆነ ቁጥሩ 2,432,902,008,176,640,000 ነው። በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ምደባ የሚፈትሽ ኮምፒዩተር ሁሉንም ለማየት 77 ዓመት ይፈጅበታል። በሃንጋሪው ዘዴ ግን አንድ ተራ ላፕቶፕ ከዓይን ጥቅሻ በፊት ይጨርሰዋል።

ወደ ሮኬት ስንሻገር ነገሩ ይከብዳል፤ ምክንያቱም አንድ ሮኬት አንድ ሳተላይት ብቻ አይጭንም። ሮኬት እንደ ባጃጅ ነው። ኮንትራት መያዝ ይቻላል፤ ከሌሎች ጋር ተጋርቶ መሳፈርም ይቻላል። ኮንትራት የያዘ ቤቱ ደጃፍ ድረስ፣ በፈለገው ሰዓት ይወሰዳል። የተጋራ በርካሽ ይሄዳል፤ ግን መስመሩ በሚያልፍበት ቦታ ይወርዳል። ስፔስኤክስ እ.ኤ.አ. በ2019 ለጋራ ጉዞ አገልግሎቱ ለ200 ኪሎ ግራም ጭነት 1 ሚሊዮን ዶላር ጠየቀ። ሙሉው ፋልከን 9 በዚያን ጊዜ ዋጋው 62 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። እ.ኤ.አ. ጥር 24 ቀን 2021 በአንድ ሮኬት 143 ሳተላይቶች አብረው መጠቁ። ከዚያ በፊት ሕንድ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2017 በአንድ ሮኬት 104 ሳተላይት አምጥቃ ዓለምን አስደንቃለች።

የሒሳብ ሰዎች እዚህ ላይ ከባድ እንቅፋት ይገጥማቸዋል። ግማሽ ሮኬት ማምጠቅ አይቻልም። አንድ ኪሎ ብቻ ቢተርፍ እንኳ ለዚያች ኪሎ ሌላ ሙሉ ሮኬት ያስፈልጋል። መልሱ የግድ ሙሉ ቁጥር መሆን ሲኖርበት ቀላሉ መንገድ ይዘጋል። ይህን እንቅፋት የሚወጣውን ዘዴ፣ ጥያቄውን እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየከፋፈሉ የማይረባውን ቅርንጫፍ ከሥሩ መቁረጥን፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ያሳተሙት ኤይልሳ ላንድና አሊሰን ዶይግ የተባሉ ሁለት ሴቶች ናቸው። ዛሬ የአየር መንገዶች አውሮፕላን ምደባ ሶፍትዌር ውስጥ የሚሠራው የእነሱ ሐሳብ ነው። ባሕር ዳር ለምን ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 እንደሚያርፍና ለምን ግዙፉ ድሪምላይነር ወደ ሩቅ አህጉር እንደሚበር ስናስብ፣ ከጀርባው ያለው የዚሁ ዓይነት ስሌት ነው።

አሁን ወደ አገራችን። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ22 ደቂቃ። እንጦጦ ላይ ባለሥልጣናትና ሳይንቲስቶች ገና ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው ማያው ላይ አፍጥጠዋል። በቻይና ታይዩዋን ጣቢያ ሎንግ ማርች 4ቢ የተባለው ሮኬት ተነሳ። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ውስጡ አለች። ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ አንድ ጎልማሳ ሰው እንደማለት። የሮኬቱ ዋና ባለጉዳይ እሷ አልነበረችም። ዋናዋ ቻይናና ብራዚል በጋራ የሠሯት፣ ከ1,700 ኪሎ በላይ የምትመዝን የምድር ቅኝት ሳተላይት ነበረች። የእኛዋ ከሌሎች ትንንሽ ሳተላይቶች ጋር በተረፈው ቦታ ተሳፈረች።

አንዳንዱ ሰው ያን ጊዜ «በሰው ሮኬት፣ በሰው ገንዘብ» እያለ ሲያጣጥል ሰምቻለሁ። ለሳተላይቷ ሥራ ከወጣው ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጪ 6 ሚሊዮን ያህሉን የሸፈነችው ቻይና ናት፤ እውነት ነው። እኔ ግን ምደባውን እንደ ሒሳብ ሳየው በጣም የተሳካ ሆኖ አገኘዋለሁ። እርሻንና ደንን የሚያይ ሳተላይት ከፀሐይ ጋር የሚሄድ ምህዋር ያስፈልገዋል፤ ማለትም አንድን ቦታ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ የጥላ ርዝመት ማየት አለበት። አለዚያ ባለፈው ወርና በዚህ ወር የተነሱት ፎቶዎች አይወዳደሩም። የብራዚልና የቻይናዋ ሳተላይትም ሥራዋ ያው ስለነበር የምትሄደው ወደዚያው ምህዋር ነበር። መስመሩ ቤታችን ደጃፍ የሚያልፍ ባጃጅ አገኘን ማለት ነው። ኮንትራት ብንይዝ የምንሄድበት ቦታ፣ በተጋራ ዋጋ ተደረሰ።

ሁለተኛዋ ኢቲ-ስማርት-አርኤስኤስ 9 ኪሎ እንኳ አትሞላም። የመጠቀችው ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ከሃይናን ደሴት፣ ከዌንቻንግ ጣቢያ ነው። ያሳፈራት ሎንግ ማርች 8 ያን ቀን የበረረው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። እዚህ ላይ ስሌቱ ሌላ ዓምድ ይጨምራል፤ ስጋት የሚባል። የአውሮፓው አሪያን 5 እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 1996 በመጀመሪያ በረራው ገና አንድ ደቂቃ ሳይሞላው ፈንድቶ አራት የምርምር ሳተላይቶችን ይዞ ጠፍቷል። 20 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ሳተላይት ያለው ሰው፣ ከአሥር በረራ አንዱ ሊከሽፍበት በሚችል ሮኬት ላይ ቢሳፈር፣ በቲኬቱ ላይ 2 ሚሊዮን የማይታይ ዋጋ ተጨምሯል ማለት ነው። ለ9 ኪሎ የሙከራ ሳተላይት ግን ያው ስጋት በጣም ያንሳል። ትንሿን በአዲሱ ሮኬት ላይ ማሳፈር አስተዋይ ሰው የሚመርጠው ነው። ሮኬቱም በሰላም ደረሰ።

ታላላቆቹም ቢሆኑ በየጊዜው ሰንጠረዣቸውን እየቀደዱ አዲስ ይጽፋሉ። የአሜሪካው ናሳ ዩሮፓ ክሊፐር የተባለችውን መንኮራኩር ወደ ጁፒተር ጨረቃ ለመላክ በመጀመሪያ ያሰበው ኤስኤልኤስ በሚባለው ግዙፍ የመንግሥት ሮኬት ነበር። ከሦስት ዓመት ባነሰ ጊዜ ያደርሳት ነበር። በኋላ ፋልከን ሄቪን መረጠ፤ ውሉ 178 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ የተረፈው ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር ተገምቷል። መንኮራኩሯ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2024 ተነስታ፣ በማርስ በኩል ዞራ፣ እንደገና በምድር አጠገብ አልፋ፣ የምትደርሰው በ2030 ነው። ገንዘቡ የተቆጠበው በጊዜ ተከፍሎበት ነው። አውሮፓውያን ደግሞ በሩሲያ ሶዩዝ ሊልኩ ያሰቧትን ዩክሊድ የተባለች የጠፈር ቴሌስኮፕ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲመጣና ሶዩዝ ከሰንጠረዡ ሲወጣ፣ በፋልከን 9 ላኳት። አንድ ረድፍ ሲጠፋ የቀረው ሁሉ እንደገና ይሰላል።

ከሁሉ በላይ የጣናውን ተራ አስከባሪ የሚያስታውሰኝ ግን የአሜሪካ የጠፈር ኃይል ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ለመጪዎቹ ዓመታት 54 ተልዕኮዎችን ሲመድብ ሁሉንም ለአንድ ኩባንያ አልሰጠም። ስፔስኤክስ 28 ተልዕኮ በ5.9 ቢሊዮን ዶላር፣ ዩናይትድ ላውንች አልያንስ 19 በ5.4 ቢሊዮን፣ ብሉ ኦሪጂን 7 በ2.4 ቢሊዮን ደረሳቸው። ቁጥሩን ስታካፍሉት የአንዱ ተልዕኮ ዋጋ ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል። ውዱን ጭምር ለምን መረጡ? አንዱ ሮኬት ቢከሽፍና ለወራት ቢቆም፣ ሁለተኛው እንዲኖር ነው። ሽማግሌው ደብተራቸውን የዘጉት በዚሁ ምክንያት ነው። ሁሉን ጊዜ ቀላሏ ጀልባ ብቻ ብትሄድ ሌሎቹ ባለጀልባዎች ሥራ ፈትተው ይበተናሉ፤ ቀላሏ የተበላሸች ቀን መንገደኛ ዳር ላይ ይቀራል። በስሌት የሚያምን ሰው ይህን ንቆ ማለፍ የለበትም። ፍትሕም ስጋትም በሰንጠረዡ ውስጥ ቁጥር ሆነው መግባት ይችላሉ፤ «በሳምንት ውስጥ እያንዳንዱ ጀልባ ቢያንስ ይህን ያህል ጉዞ ያግኝ» ብሎ መጻፍና ከዚያ በታች ርካሹን መፈለግ ይቻላል። በአገራችን ነገር ሲከፋፈል ሦስት መንገድ እናውቃለን። በተራ፣ በዕጣ፣ በትውውቅ። ተራና ዕጣ የሚከበሩት ሦስተኛውን ስለሚከለክሉ ነው። ስሌትም ሰንጠረዡ ለሁሉ ሰው ክፍት ሆኖ ከተለጠፈ ያንኑ ሦስተኛውን ይከለክላል፤ በተጨማሪም ነዳጅ ያተርፋል።

ስለ ታንኳ አንድ ነገር ላንሳ። የደንገል ታንኳ ከዘጌ እንጨት ጭና ባሕር ዳር ትደርሳለች። ጭነቱ ሲራገፍ ባለቤቷ ከውኃ አውጥቶ ዳር ላይ ያቆማታል፤ ደንገሉ ውኃ ጠጥቶ ከብዷልና ተንጠፍጥፋ፣ ፀሐይ መትቷት ካልደረቀች ለሚቀጥለው ጉዞ አትሆንም። እየቆየች ስትሄድ መጠጣቷ ይጨምራል፤ መጫን የምትችለው ይቀንሳል። ባለታንኳው ይህን ስለሚያውቅ አዲሷን ለከባድና ለሩቁ፣ ያረጀችውን ለቅርቡ ያደርጋታል። ሮኬትም እንዲሁ ይመደባል። ፋልከን 9 የመጀመሪያ ክፍሉ ተመልሶ የሚያርፍ ሮኬት ነው፤ ካረፈም በኋላ ተፈትሾ፣ ተጠግኖ እንደገና ይበራል። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ዓይነት ሁለተኛ በረራ ያደረገው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 ነው። ኩባንያው ብዙ የበረሩትን አሮጌዎቹን ሮኬቶች በአብዛኛው የራሱን የስታርሊንክ ሳተላይቶች ያስጭናቸዋል፤ ቢጠፋ የሚጎዳው ራሱ ነውና። አሮጌዋ ጀልባ ዘጌ የተላከችበት ምክንያት ከዚህ ብዙ አይርቅም።

አንዳንድ ወገኖቻችን «ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ ናትና የራሷን ማምጠቂያ ትሥራ» ሲሉ እሰማለሁ። ምኞቱን እረዳዋለሁ። ምድር በወገቧ ላይ በሰዓት 1,670 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትሽከረከር ወደ ምሥራቅ ለሚነሳ ሮኬት ነጻ ግፊት ትሰጣለች። ጎረቤታችን ኬንያም ማሊንዲ አጠገብ ባሕር ላይ ጣሊያኖች የተከሉት ሳን ማርኮ የተባለ መድረክ ነበራት፤ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 12 ቀን 1970 ኡሁሩ የተባለችው የኤክስ ሬይ ሳተላይት የመጠቀችው ከዚያ ነው። ነገር ግን ለእኛ የሚያስፈልገን እርሻና ውኃ የሚያይ ሳተላይት የሚሄደው ከዋልታ ወደ ዋልታ ነው፤ የምድር ሽክርክሪት አይረዳውም። ወደብ ለሌለው አገር ደግሞ የሮኬቱ ስባሪ የሚወድቀው በሰው ማሳ ላይ ነው። ገንዘባችንን ቀድመን የምናውለው በሮኬት ላይ መሆን የለበትም ብዬ አምናለሁ። መግዛት ያለብን መቀመጫ ነው፤ መማር ያለብን ደግሞ መቀመጫ አመራረጥን።

መማሪያውም በእጃችን ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዋሸራ የሚባል የጂኦስፔስና የራዳር ሳይንስ ላቦራቶሪ አለው። ከተማችን ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ ስለሆነች የላይኛውን ከባቢ አየር ለማጥናት ከዓለም ምቹ ከሆኑት ቦታዎች አንዷ ናት፤ ከባሕር ዳር የሚወጡ የምርምር ጽሑፎችም በውጭ መጽሔቶች ይታተማሉ። የሒሳብና የኢንዱስትሪያል ምህንድስና ተማሪዎች በክፍል ውስጥ የሃንጋሪውን ዘዴ ይማራሉ፤ የሚሠሩት ምሳሌ ግን ከውጭ መጽሐፍ የተቀዳ የፋብሪካና የመጋዘን ምሳሌ ነው። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ለምን ኢቲአርኤስኤስ-1 አትጻፍም? ለምን የደቅና የዘጌ ጀልባዎች አይጻፉም?

እምቦጭ የተባለው የውኃ አረምም አለ። አረሙ ጣና ላይ ከታየ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። በደንቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከም፣ በፎገራና በደራ በኩል ባለው ዳርቻ ገበሬው ውኃ ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ኖሯል። ማሽኖችም መጡ፤ ቁጥራቸው ግን ከዳርቻው ርዝመት ጋር አይመጣጠንም። ጥቂት ማሽን፣ ብዙ ዳርቻ፣ ነዳጅ ውድ፣ አረሙም ነፋስ እየገፋው ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ። ይህ ከላይ በእርሳስ የሠራነው ሰንጠረዥ ነው፤ ረድፉ ማሽን፣ ዓምዱ ቀበሌ። የአውሮፓ ሴንቲኔል-2 ሳተላይቶች ጣናን በአምስት ቀን አንድ ጊዜ፣ 10 ሜትር ስፋት ያለውን ቦታ ለይተው ያዩታል፤ ፎቶውም በነጻ ይገኛል። የእኛዋም ሳተላይት የተሠራችው 13.75 ሜትር ለይታ እንድታይ ነው። አረሙ የት እንዳለ ከላይ የሚያይ ዓይን ካለ፣ ማሽኑ የት ይሂድ የሚለውን የሚመልሰው ሒሳብ ነው። አንዱ ያለ ሌላው ጎደሎ ነው። ፎቶ ብቻ ይዞ መቀመጥ፣ የታመመን ሰው ሥዕል አንስቶ መድኃኒት ሳይሰጡ እንደመሄድ ይሆናል።

የኢትዮጵያ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ለሚቀጥለው ሳተላይት ውል ሲፈርም የሚሞላው ሰንጠረዥ ይኖራል። የትኛው ሮኬት፣ ወደ የትኛው ምህዋር፣ ከማን ጋር ተጋርቶ፣ በየትኛው ወር፣ በምን ያህል ስጋት። ሻጩ የራሱን ሰንጠረዥ በደንብ አስልቶ ይመጣል። ከጠረጴዛው በዚህ በኩል የሚቀመጠውም ሰው የራሱን አስልቶ ይምጣ። ስሌቱን የሚሠሩ ልጆች ፔዳና ፖሊ ግቢ ውስጥ አሉ። የሚመለከታችሁ የኢንስቲትዩቱ ኃላፊዎች፣ ውሉ ከመፈረሙ በፊት አንድ ጊዜ ባሕር ዳር ድረስ መጥታችሁ ሰንጠረዡን ስጧቸው።